የቀን ሠራተኞችና ደጅ አዳሪዎች ስለሚደመጡበት ሁኔታ በሎጊያ አስፋልት ዳር የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መስማት የሚገባው ባለሥልጣን ግን ስብሰባ ላይ ስለሆነ በኋላ ይነገረዋል።

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አስፋልት የአፋሯን ሎጊያ ሰንጥቆ የሚያልፍ በመሆኑ፤ በዚሁ አስፋልት ዳር ገና ጎህ ሳይቀድ ከወሎ፣ ከራያና ከየአቅጣጫው የመጣ ወጣት ተኮልኩሎ መኪና በቆመ ቁጥር «የሚራገፍ አለ?» እያለ የሚሮጥ በመሆኑ፤ ገሚሱ ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ ለሚያሻግረው ደላላ፣ ገሚሱም ወደ አገር ቤት መመለሻ የሚሆን ገንዘብ የሚያጠራቅም በመሆኑ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ የተደነገገ ቢሆንም የሎጊያ ፀሐይ ነጋሪት ጋዜጣ የማታነብ በመሆኗ፤ ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ቃል የገባ፣ ቃል ደግሞ ምሳ የማይሆን በመሆኑ፤ እነዚህን ሰዎች ማዳመጥ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ (ማዳመጥ ከመክፈል ይረክሳልና) የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

«የቀን ሠራተኛ» ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት አስፋልት ዳር የቆመ ሰው ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ የሚወስደው ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ አዋጅ ቁጥር 384/1996፣ ማለትም ወደ አደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያው ይዛወራል። ሰውየው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፤ የተዛወረው ሕጉ ነው።

«ደጅ አዳሪ» ማለት ሌሊቱን ውጭ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ይህ ትርጓሜ በረቂቁ ላይ ብዙ አጨቃጭቋል። በሐምሌ ሙቀት ሎጊያ ውስጥ ቤት ያለውም አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው፤ ሆቴሉም ግቢው ውስጥ አልጋ ደርድሮ ያከራያል። በረቂቁ መሠረት ቢቆጠር ኖሮ አርቃቂ ኮሚቴው በሙሉ ተረጂ ሊሆን ነበር። ስለዚህ «ከሥሩ አልጋ የሌለው» የሚል ሐረግ ተጨምሯል። ካርቶን አልጋ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በመመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 2፤ ስለ አደማመጥ

ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ብሶቱን ዘወትር ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ማቅረብ ይችላል። ሰዓቱ የተመረጠው አመልካቹ ያን ጊዜ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ከተሳቢ ላይ በትከሻው እያወረደ ስለሚሆን ወረፋ እንዳይበዛ ነው።

አመልካቹ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ይቀርባል። ከሌለው ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያመጣል። መሸኛውን ሲያመጣ የቤት ቁጥር ይሞላል። የቤት ቁጥር ከሌለው ቤት የሌለው መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሚኖርበት ቤት ባለቤት ያጽፋል።

ይህ አሠራር በተሞከረበት ወቅት ቅንድቡ ድረስ ሲሚንቶ የለበሰ አንድ አራጋፊ ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ ካቦው የሦስት ቀን ሒሳቤን ይዞ ጠፋብኝ» አለ።

ኃላፊው «እንኳን ደህና መጣህ። በመልካም አስተዳደር ላይ ያለህን አስተያየት ንገረን» አሉት።

«አስተያየትማ የለኝም ጌታዬ፤ ያለኝ ሒሳብ ነው።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊው አስተያየት እንደሌላቸው ገልጸዋል» ተብሎ ተመዝግቧል።

አንቀጽ 3፤ ስለ እርዳታ

በበዓል ዋዜማ ካሜራ ባለበት ዳቦና ዘይት ይታደላል። ካሜራው ከዘገየ ዳቦው ይጠብቃል።

አንቀጽ 4፤ ተፈጻሚነት ስለማይኖራቸው ልማዶች

አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ቆም ይላል፣ ጊዜ ካለም ቁጭ ይላል። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ማን እንደታመመ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የራሱንም ያወራል። ዳጉ ይሉታል። የሰሙትን ሳያጣምሙ ለሚቀጥለው ሰው ማድረስም ግዴታ ነው።

ይህ ልማድ ያለ ቀጠሮ የሚካሄድ፣ መታወቂያ የማይጠየቅበት፣ የውሎ አበል የማይከፈልበት፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተናጋሪው ሳይጨርስ የማያልቅ በመሆኑ ለአሠራር አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ዳጉ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም። ከቢሮው ወጥቶ አስፋልት ዳር ከደጅ አዳሪ ጋር ቁጭ ብሎ ዳጉ ሲለዋወጥ የተገኘ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በማባከን የሁለት ቀን ደመወዙን ይቀጣል።