ሳያዩት የሚታይ ድራማ፦ የአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማ ከአየር ወደ ኢንተርኔት ስለመሰደዱ የቀረበ ጥናት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022 «ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ» (በአጭሩ «ዴይስ») የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ጓዙን ጠቅልሎ ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ወጣ። ከኖቬምበር 8 ቀን 1965 ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ሲታይ የኖረ ነው። አዲሱ አድራሻው ፒኮክ ይባላል። ፒኮክ የዚያው የኤንቢሲ ቤተሰብ የስትሪሚንግ አገልግሎት ስለሆነ፣ ነገሩ ከቤት መባረር ሳይሆን ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ መዛወር ነው የሚሉ አሉ። የለቀቀውን ሰዓት ዜና ወረሰው። ግድያን፣ ክህደትንና የውርስ ክርክርን በማቅረብ ረገድ ወራሹ ከአውራሹ ይበልጣል የሚል አስተያየት ቢኖርም፣ ከጥናቱ ወሰን ውጪ በመሆኑ አልፈነዋል።

ጥናቱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ስደት የድራማውን ተፈጥሮ ለውጦታል ወይ? የምርምር ዘዴያችን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማየት ሲሆን፣ ዘዴው በራሱ የግኝቱ አካል መሆኑ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። በድራማው ውስጥ የሚሄደው ጊዜ ግን የማንም ሕዝብ አቆጣጠር ስላልሆነ ወደ ሐበሻም ወደ ፈረንጅም ሊመለስ አልቻለም። «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በተባለው ድራማ ቶም ሂዩዝ የሚባል ሕፃን በ1961 ተወልዶ፣ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ቬትናም ዘምቷል። ይህ የተለየ አጋጣሚ አይደለም። በቀን ድራማ ልጆች ለመተኛት ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሲወርዱ ለአቅመ አዳም ደርሰው፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ አንዳንዴም ፊታቸው ተለውጦ ነው። እናቶቻቸው ግን አንዲት ሽበት አያበቅሉም።

ሞትም ቢሆን በዚህ ዓለም የዓመት ፈቃድ ነው። በ2003 እና 2004 «ዴይስ» የሚካሄድባት የሳሌም ከተማ በተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ታመሰች። ነዋሪዎቿ አንድ በአንድ ተገደሉ፣ ተለቀሰላቸው፣ ተቀበሩ። ገዳይ ሆና የታየችው ደግሞ የከተማዋ የተከበረች የአእምሮ ሐኪም ማርሌና ኢቫንስ ነበረች። ወራት ቆይቶ ሟቾቹ የሳሌም ግልባጭ ሆና በተሠራች ደሴት ላይ በሕይወት ተገኙ። የዕድር ዳኛ የሆነ አንባቢ ይህ የሚያስከትለውን የሒሳብ ቀውስ ወዲያው ይረዳል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተበልቷል፣ ገንዘቡ ለቤተሰብ ተከፍሏል። ሟች ተመልሶ ሲመጣ የተከፈለው ይመለሳል ወይስ ለቀጣዩ ሞቱ ይያዝለታል? የሳሌም ከተማ ደንብ በጉዳዩ ላይ ዝም ብሏል።

ወደ ዋናው ግኝት እንግባ። የዚህ ድራማ ዘር ከሬዲዮ ነው። ኧርና ፊሊፕስ የተባለችው ጸሐፊ በ1930 ቺካጎ ውስጥ በደብሊው ጂ ኤን ሬዲዮ «ፔይንትድ ድሪምስ»ን ጀመረች። ኋላ ያቋቋመችው «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ፣ በ2009 እስኪዘጋ 72 ዓመት ኖረ። ወጪውን የሚሸፍኑት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች ነበሩ። ሳሙና አምራች የሚፈልጋት አድማጭ ደግሞ እጇ ሥራ ላይ ያለች ሴት ነች፤ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ልጅ ታባብላለች። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። የቀን ድራማ ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ገጸ ባሕርያቱ በየዓረፍተ ነገሩ ስም ይጠራራሉ፤ ካልተጠራሩ ወጥ ቤት ያለችው ማን ማንን እንደከዳ አታውቅም። ስልክ ያነሣ ሰው ከወዲያ የተባለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይደግማል። ሰኞ የተነገረ ምሥጢር ማክሰኞ ለእህት፣ ረቡዕ ለሐኪም፣ ሐሙስ ኮማ ውስጥ ላለ ሰው ይነገራል። ከማስታወቂያ በፊት ተዋናይዋ አፏን ከፈት አድርጋ ግድግዳ ላይ የምታፈጥበት ያ ረጅም ዝምታም የትወና ድክመት አይደለም። ተመልካቿ የቁሌቱን እሳት ቀንሳ ሳሎን እስክትደርስ የተሰጠ የጉዞ ጊዜ ነው።

በአጭሩ ይህ ጥበብ የተሠራው ለማያየው ሰው ነው። በነገራችን ላይ በእኛም አገር ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ቤት ለቤት የገባው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። የግርጌ ጽሑፍ ቡና አያስቆላም።

ዋና መረጃ አቀባያችን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ናቸው። በምርምር ሥነ ምግባር መሠረት ስማቸውን አንገልጽም፤ እማማ እንበላቸው። አራስ ሊጠይቁ መጥተው የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ በዚያው የቀሩ ናቸው። እንግሊዝኛቸው «ሃሎ» እና «ኖ» ነው። በስደቱ ዋዜማ፣ የልጅ ልብስ እያጠፉ፣ ፊታቸውን ወደ ቅርጫቱ አድርገው፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ይቺ ባሌ ሞተ ብላ ወንድምየውን ይዛለች። ባልየው አልሞተም። በዚያ በር ነው የሚመጣው» አሉ፤ በሩን ሳያዩ እየጠቆሙ። ዓርብ ዕለት በዚያው በር መጣ። ማርሌና በ1995 በዲያብሎስ ተይዛ በጸሎት እንደተፈወሰች፣ በ2021ም ያው ዲያብሎስ እንደተመለሰባት ብናስረዳቸው፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበል የሚወስዳት አንድ ዘመድ አጣች?» ሲሉ ጠየቁ። እስካየነው ድረስ የዘርፉ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

ከስደቱ በኋላ የእማማ ሁኔታ ተለወጠ። ድሮ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ድራማው እዚያው ነበር፤ እሳቸው ቢኖሩም ባይኖሩም። አሁን መጀመሪያ አፕሊኬሽኑ ይከፈታል፣ ፓስወርድ ይገባል፣ ከተደረደሩት ፊቶች «አንተ የትኛው ነህ?» ይባላል። ወርኃዊ ክፍያም አለ፤ በ2022 4.99 ዶላር የነበረው በ2025 10.99 ደርሷል። አዲሱ ክፍል የሚጫነው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ የቀትሩ ድራማ አሁን የሚወለደው ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ስትሪሚንግ የሚባለው ነገር የለመደው ጥያቄ ነው፦ «አሁንም እያዩ ነው?» ለዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም። እማማ ተተርጉሞላቸው፣ «ማየት አለማየቴ ምን አገባው?» አሉ። ሳያውቁት የጥናቱን መደምደሚያ ተናገሩ።

ድራማው እንዲታይ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሙከራ ቀደም ሲል ተደርጓል። ኤቢሲ «ኦል ማይ ችልድረን»ን እና «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ»ን ከዘጋቸው በኋላ፣ ፕሮስፔክት ፓርክ የተባለ ኩባንያ በኤፕሪል 2013 ሁለቱንም «ሁሉ» በተባለው የስትሪሚንግ አገልግሎት እና በአይቱንስ አስነሣቸው። በሳምንት አራት አራት አዲስ ክፍል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሁለት ሁለት ወረደ፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ክፍል እየተጠራቀመበት መድረስ አቃተው። ለአርባ ዓመት በሳምንት አምስት ቀን ያለ አንዳች ችግር የተከታተለ ሕዝብ ነው እንግዲህ። ማብራሪያው አንድ ብቻ ነው፤ ድሮም አላየውም ነበር። ሁለቱም ድራማዎች ያን ዓመት ሳይሻገሩ ቆሙ።

የታወቁት ምሁራን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ። ሴቶች ቢሮ ገቡ፣ በ1995 በቴሌቪዥን የተላለፈው የኦጄ ሲምፕሰን የግድያ ችሎት የድራማውን ሰዓት ለወራት በላው፣ ከሠላሳ ተዋናይ ይልቅ ሁለት ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ ማስወራት ረከሰ። ሁሉም እውነት ነው። በ1981 «ጀነራል ሆስፒታል» በተባለው የቀን ድራማ የሉክንና የሎራን ሠርግ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተ፤ «ዴይስ» አየሩን ሲለቅ ከ2 ሚሊዮን በታች ቀርቶት ነበር። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተቆጠሩት ሰዎች ስንቶቹ ልብስ እያጠፉ እንደነበር ማንም አልቆጠረም።

የአውስትራሊያው ድራማ የ«ኔበርስ» ነገር በአጭሩ ይጠቀስ። በ1985 ተጀምሮ በጁላይ 2022 በታላቅ ስንብት ተቀበረ። በ2023 በአማዞን በኩል ተነሣ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ ሞተ። ይህ ዘርፍ ለገጸ ባሕርያቱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ላይም ተግባራዊ አድርጓል ማለት ነው። «ዴይስ» ግን ሳይሞት ነው የተሰደደው፤ በ2024 መጨረሻ 15,000ኛ ክፍሉን ፒኮክ ላይ አከበረ። ከመጀመሪያው ለማየት የሚፈልግ አንባቢ መልካሙን እንመኝለታለን። ከመካከል ቢጀምር ግን ምንም አያመልጠውም፤ ያመለጠው ሁሉ ሐሙስ ዕለት ኮማ ውስጥ ላለ ሰው ይነገራል።

ብያኔያችን ይህ ነው፦ ስትሪሚንግ የቀን ድራማን አላጠፋውም፤ እንዲታይ አደረገው፤ ድራማው ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። ሲቢኤስ ይህን የተረዳ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተባለ ድራማ በቀትር አየር ላይ አዋለ፤ ከ1999 ወዲህ በትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች የተጀመረ የመጀመሪያው አዲስ የቀን ድራማ ነው። ታሪኩ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አጥር ግቢ ውስጥ ስለሚኖሩ ባለጸጋ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። በተራ አንቴና ይገባል፣ ክፍያ የለውም፣ ፓስወርድም አይጠይቅም።