ከመንገድ የታየ ማሳ

የቅባት እህሉን ካኖላን በመኪና መስኮት አይቶ መፍረድ አይቻልም። ነሐሴ ሲጋመስ ካናዳ ውስጥ ከኤድመንተን በስተሰሜን የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ «ማሳዬ ቡናማ ሆኗል፤ ነገ ልጨደው?» ብለው ደወሉልኝ። የእህቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ።

ቡናማነቱ እውነት ነው፤ ብስለት ግን አይደለም። ወደ ውስጥ ስንገባ አገዳው ቦታ ቦታውን ነጥቷል፤ ሲሰነጥቁት የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁር ጠጣር ነገር ይረግፋል። ስክለሮቲኒያ የሚባል ሻጋታ ነው፤ ተክሉን ያለ ዕድሜው አድርቆ የደረሰ ያስመስለዋል። የሚረጨው በአበባው ወራት ነበር፤ አሁን የሚደረግለት ነገር የለም። ወደ ጤነኞቹ ዞርኩና የዋናውን አገዳ ዛላ ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ እየከፈትኩ አየሁ። ለአጨዳ ከፍሬው 60 በመቶ ያህሉ ቀለም መለወጥ አለበት፤ የላይኛው አረንጓዴ ቢሆን እንኳ በጣት ሲያሹት ይንከባለላል እንጂ አይጨፈለቅም። የዚህ ተጨፈለቀ። ተክሉን አራግፈን፣ ጓሉን ገልብጠን ተምች ፈለግን፤ ጥቂት ብቻ አገኘን። እፎይ አልኩ፤ አጨዳ ሲቃረብ መርጨት ራሱ ጣጣ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። መኪናዋ ከኮረኮንቹ ተንሸራታ ቦይ ገባች፤ ስልኩም አይሠራም። የሽማግሌው ቤት ከጎረቤት ካኖላ ባሻገር ይታያል።

«ጋሼ፣ በዚህ እናቋርጥ!»

«አይሆንም።»

ክለብሩት የሚባለው ሥር አሳባጭ በሽታ በአልበርታ ካኖላ ላይ መጀመሪያ የተገኘው በ2003 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኤድመንተን አካባቢ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በጫማና በጎማ ጭቃ ይዛመታል። ጫማችንን በበረኪና ብናጥብ እንኳ ሱሪያችን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የዚህ አገር የገጠር መንገድ ደግሞ በየማይሉ ወይም በየሁለት ማይሉ ቀጥ ብሎ የሚቆራረጥ ስለሆነ ዙሪያውን ሄድን። ልጁ ሲያጉረመርም «የሰው እንጀራ ነው» አልኩት፤ ዝም አለ።

ሽማግሌው በትራክተር ጎትተው ሲያወጡን መልሰው የጠየቁት ያንኑ ነው። የመስከረም ውርጭ ያሰጋቸዋል፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን በካናዳ አንደኛ ደረጃ ለመባል አረንጓዴው ፍሬ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ዛሬ ቢታጨድ ፍሬው ይኮሰምናል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ከታመሙት የሚረግፈው ይርገፍ፤ ለእነሱ ሲባል ጤነኛውን በጥሬው መቅጨት አይገባም።

«በየሁለት ቀኑ ይግቡና ዛላውን ይክፈቱ» አልኳቸው፤ «የዳሩን ሳይሆን የመሃሉን።»