ስኳሩ የረገፈ ዕለት

በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1983 አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የዶሮ ቤቶች አንድ እንግዳ ተቀበሉ። አገባቡ የጨዋ ነበር። ዶሮዎቹን ትንሽ አስነጠሳቸው፣ እንቁላላቸው ቀነሰ፣ የሞቱትም ጥቂት ነበሩ። ማንነቱ ሲጣራ ኤች5ኤን2 የተባለ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ያህል አብሯቸው ኖረ። ከሚወራው ሁሉ ይህኛው ይሻላል ያለ ዶሮ ኖሮ ከሆነ አልፈርድበትም፤ ለለመደው ሰው እያስነጠሱ መኖርም ኑሮ ነው።

በጥቅምት ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ሲጭር የዋለ ዶሮ ዛሬ ጭንቅላቱ አብጦ ተዘርሮ ይገኝ ጀመር፤ ከአስሩ ስምንቱ ያለቀበት ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ክፉው ከውጭ ነው የገባው ማለት ይቀናል። የቤቱ እንግዳማ ደግ ነው፤ ከርመን አይተነዋል።

ዮሺሂሮ ካዋኦካ፣ ሮበርት ዌብስተርና ባልደረባቸው የሚያዝያውንና የጥቅምቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሩ። ቫይረሱ በላዩ ላይ ሔማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ የሕዋሱን በር የሚይዘው በእሱ ነው። ፕሮቲኑ ለሁለት ካልተቆረጠ ግን በሩ አይከፈትለትም። ቢላውም የቫይረሱ አይደለም፤ የዶሮዋ የራሷ ኤንዛይም ነው። (አቀባይዋ እሷ ናት፤ ፈቃዷን የጠየቃት ግን የለም።) ገራም የሚባሉት ዝርያዎች የሚቆረጡት በመተንፈሻ አካልና በአንጀት በሚገኝ ቢላ ብቻ ስለሆነ ከዚያ አያልፉም። አደገኞቹ ግን መቆረጫቸው ላይ አርጂኒንና ላይሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ተደርድረውላቸዋል፤ በየትኛውም አካል ያለ ቢላ ይቀበላቸዋል። ልብም፣ አንጎልም ቤታቸው ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ድርድር ከጥቅምቱ ዘንድ ተገኝቶ ከሚያዝያው ዘንድ ይጠፋል ተብሎ ቢጠበቅ አይደንቅም። ሁለቱም ጋ ተገኘ። የሚያዝያው ግን ከመቆረጫው አጠገብ የስኳር ሰንሰለት ነበረው፤ ቢላው እንዳይደርስ የሸፈነው ያ ስኳር ነው። በአንዲት ነጥብ ላይ በተደረገ ለውጥ ስኳሩ ረገፈ። ለጭካኔው ምክንያት ሆኖ የተገኘው የተጨመረ መርዝ ሳይሆን የተቀነሰ ጣፋጭ ነው። ያ ሁሉ የስድስት ወር ደግነት፣ ነገሩን በቅርበት ላየ፣ ሽፋኑ የቆየበት ዕድሜ ነበር።

ወረርሽኙ እስኪገታ ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በሕመምና በማስወገድ አለቁ። ስኳር የረገፈው ከቫይረሱ፣ ሕይወት የረገፈው ከዶሮው።

እንዲህ ያለ ለውጥ ቫይረሱን ብዙ አያደክመውም። ራሱን ሲገለብጥ የጻፈውን መልሶ አያነብም፤ ተሳስተሃል የሚለው አራሚም አጠገቡ አላስቀመጠም። ስሕተቱ ከእሱ ጋር ይባዛል። አብዛኛው ስሕተት ራሱን ያጠፋዋል፤ የጠቀመው አንዱ ግን ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆኖ ይወረሳል።

ዱር ሳለ ግን ጨዋ ነበር፤ ይህን አልክድም። በዱር ዳክዬ አንጀት ውስጥ ብዙ ሳያሳምም ይኖራል፣ በውኃ ይተላለፋል። እዚያ ችኮላ አያዋጣውም፤ የሞተች ዳክዬ አትበር፣ እሱንም የትም አታደርሰው። የሚከፋው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሺዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ታጭቀው፣ ቀለባቸው ተሰፍሮ፣ አንዱ ሲወድቅ ተተኪው አጠገቡ በቆመበት ቤት መግደል ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። የኤች5 እና የኤች7 ገራሞች ገዳይ ሆነው የወጡት በአመዛኙ ከዚህ ዓይነቱ ቤት ነው። በቤት ያወጣው ዓመልም ዱር ድረስ ተከትሎት ሄዷል፤ በ2005 ቻይና፣ ቺንግሃይ ሐይቅ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎች በኤች5ኤን1 ሞቱ። ከሞት የተረፉት እንደ ልማዳቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ሄዱ፣ አድራሻውም ሰፋ።

ስለ ስም ጥቂት ልጨምር። የቫይረሱ ዘረመል ስምንት ቁራጭ ነው፤ ስም የሚወጣለት ግን ከሁለቱ ብቻ፣ ኤች እና ኤን ተብለው በላዩ ከሚታዩት ነው። ውስጥ ያሉት ስድስቱ ስም ውስጥ አይገቡም፤ የዕለት ሥራውን ግን በአብዛኛው እነሱ ያካሂዱታል። ሁለት ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ሲገናኙ ቁራጮቻቸው ይደባለቃሉ፤ ድብልቁም አዲስ ስም ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። በ2013 ቻይና ውስጥ ሰው የገደለው ኤች7ኤን9 አዲስ ተባለ። ሲፈተሽ የውስጡ ስድስቱ ከኤች9ኤን2 የመጡ ናቸው፤ በዶሮ ገበያ ለዓመታት ብዙም ሳይወራለት ሲመላለስ ከኖረው። ደግሞም ኤች7ኤን9 ዶሮዎቹን አላሳመማቸውም፤ ስለዚህ ጤነኛ ናቸው ተብሎ ገበያ ቀረቡ፣ ገበያተኛውም በደስታ ገዛ። መቆረጫው ተለውጦ ለራሳቸው ለዶሮዎቹም ገዳይ ሆኖ የተገኘው ቆይቶ በ2017 ነው። 

የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት ለእነዚህ ሁለት ቤተሰቦች፣ ለኤች5ና ለኤች7፣ ያወጣው አሠራር አለ። ቫይረሱ ለወጣት ዶሮዎች ይሰጥና በ10 ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደጎዳቸው ይመዘገባል። ዶሮዎቹ በሕይወት ቢከርሙም በነፃ አይለቀቅም፤ መቆረጫ ቦታው ይነበባል። ንባቡ ከቀደሙት ገዳዮች ጋር ከተመሳሰለ፣ አንድም ዶሮ ሳይገድል ከገዳዮቹ መዝገብ ይገባል። ገራምነቱ በማስረጃነት አይያዝለትም።