ሻብሊን እንዴት እናበላሸው?

ከስሙ ይጀምሩ። የቀዘቀዘና ርካሽ የሆነ ነጭ ወይን ሁሉ «ሻብሊ» ይባል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን እንዲህ ተደርጓል፤ ሻርዶኔ የተባለው የወይን ዝርያ ጠብታ የሌለበት ወይን በትልልቅ ጠርሙስ እየተሞላ በዚሁ ስም ተሸጧል። እውነተኛው ሻብሊ ግን አገር ነው። ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰሜን ቡርጎኝ፣ ሰረን በሚባል ትንሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። ከሻርዶኔ በቀር ሌላ ወይን በዚህ ስም አይጠመቅም።

ቀጥሎ አፈሩን ይናቁ፤ ችግኙን ያገኙበት ቦታ ይትከሉ። አንድ ድንጋይ ከማሳው አንስተው እንዳያዩ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ካዩ ጥፍር የምታክል የተቆለመመች ዛጎል ተጣብቃበት ያገኛሉ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ባሕር ነበር። ግራን ክሩ የተባለው ምርጡ ማሳ መቶ ሄክታር ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ደቡብ ምዕራብን በሚያይ ተዳፋት ላይ።

ከሁሉ በላይ ግን ሚያዝያ ላይ ይተኙ። የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ወይኑ ያቆጠቁጣል፤ ውርጩ ግን ገና አልሄደም። በዚያ ሰሞን የሻብሊ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። አንዱ በወይኑ ረድፍ መካከል ትልልቅ ሻማ ይለኩሳል፣ ሌላው ውሃ ይረጫል። ውርጭን በውሃ መከላከል እብደት ይመስላል። ነገር ግን ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ መርጨቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በበረዶ የተለበጠው ቀንበጥ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ጎሕ ሲቀድ ማሳው ሁሉ ብርጭቆ የለበሰ ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ነጥብ አለ፣ በሕይወት። ማበላሸት ከፈለጉ ታዲያ ሊነጋጋ ሲል፣ ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት፣ ውሃውን ይዝጉት። የዓመቱ ልፋት በዚያው አበቃ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ነቅተው ያደሩትም ብዙዎቹ ወይናቸውን ከውርጩ አላተረፉም። ይህን ሳስብ ነው «ለነጭ ወይን ይህ ሁሉ ዋጋ?» ሲባል የሚያመኝ። ተባይና ውርጭ ተደራርበውበት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሻብሊ ማሳ ወደ 500 ሄክታር ገደማ ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ከ5,000 በላይ የሆነው ሰዎች አንለቅም ስላሉ ነው።

ከውርጭ የተረፈውን ደግሞ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይቅበሩት፤ ቫኒላ ቫኒላ ይበል። ያረጀ በርሜል በልኩ የሚጠቀሙ ጎበዞች አሉ፣ እነሱን አልነካም። ፍሬው በቀዝቃዛ አገር ቀስ እያለ ሲበስል ምላስ የሚያነቃ ጎምዛዛነቱን ይዞ ይቆያል፤ አብዛኛው ጠማቂ በማይዝግ ብረት ጋን የሚያስቀምጠው ይህን ላለመሸፈን ነው። ያን ሁሉ ሌሊት የተነቃው ለዚህ ጣዕም ነበርና።

በመጨረሻ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣው እንዳወጡ ይቅዱት፣ በረዶም ይጨምሩበት። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ እስኪደርስ፣ የሎሚ፣ የአረንጓዴ ፖምና ዝናብ የነካው ድንጋይ ሽታ ከብርጭቆው ብቅ እስኪል፣ ሩብ ሰዓት እንኳ እንዳይታገሡት።