የእማዬ ሊሾና የጥንቸሉ ወለል

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ጫግኒ

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱ ጣራውን አላስፈሰሰም? እኔም ባለቤቴም የልጅ ልጅሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥንቸሉም ደህና ነው።

እህት ዓለም፣ እማዬ «ምን አልሽ?» ካለችሽ ያነበብሽው ልክ ነው፤ ጥንቸል ነው። ደግመሽ አንብቢላትና ቀጥይ። እየሳቅሽ ግን አይሁን፤ ነገሩ ዶላር ወጥቶበታል።

እማዬ፣ ባለፈው ስንደዋወል ቤትሽን ሊሾ ስለማስደረጉ ስትጠይቂኝ መልሴን ኔትወርኩ በላው። አሁን በወረቀት ልመልስልሽ። እዚህም ቤት የወለል ጣጣ ገብቷል፤ የሁለቱን ወለሎች ነገር አብሬ ካላወራሁ አንዱ ባለ ወለል ሌላውን ይቀየማል።

ጣጣው የጀመረው ከእንጅባራ ነው። ልጄ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን የጥር 23 በዓል በስልክ አየች። እኔም የአገር ልጅነት መጣብኝና ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳለ፣ በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን የዘመቱት ፈረሶች እንደሚታሰቡበት፣ ያ ሁሉ ቀይ ጥልፍና ዛብ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳኋት። አዳምጣ ስትጨርስ «እኔም ፈረስ ግዛልኝ» አለች። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፈረሱ በድርድር ውሻ ሆነ፤ ውሻውን አከራዩ ከለከለ፤ ውሻው ድመት ሆነ፤ ድመት ባለቤቴን ያስነጥሳታል፤ ድመቱ ጥንቸል ሆነ። ልጄ ግን ፈረሱን አልተወችም፤ ስሙን ዳማ አለችው። መልኩም ዳማ ነው፣ በዚህስ አልተሳሳተችም። በእኛ አገር ደግሞ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ዳማ ያገኘውን ሁሉ ስለሚቆረጥም ባለቤቴ እኔን አባ ቆርጥም ማለት ጀምራለች።

ጥንቸሉ ድስት ይገባል ብለሽ አትስጊ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል የተከለከለው ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ተብሎ እንደሆነ የኔታ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። የእንስሳት ሐኪሞቹ ደግሞ ጥንቸል ሣሩን ሁለት ጊዜ በሆዱ እንደሚያሳልፈው ይናገራሉ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ለስላሳውን ፋንድያ ራሱ መልሶ ይበላዋል። (እህት ዓለም፣ ምሳ ላይ ከሆናችሁ ይህን እለፊው።) እና እማዬ፣ የማይበላ፣ የማይታለብ፣ የማይጫን እንስሳ ተቀምጦ ይቀለባል። ድርቆሹ በካርቶን ታሽጎ ነው የሚመጣው። አንቺ ለላሟ የምትቆልይውን ክምር እዚህ ብታወጪው ፎቅ ትሠሪበት ነበር። ይባስ ብሎ ዳማ በወር 30 ዶላር ኪራይ ይከፍላል። ቀልድ አይደለም፤ በውሉ ላይ ለብቻው ተጽፏል። የሚወጣው ከእኔ ኪስ ነው እንጂ ከእኛ ከሦስታችን ሌላ እንደ አራተኛ ተከራይ ነው የተመዘገበው።

አሁን ወደ ወለሉ።

የቤታችንን ወለል በፎቶ አይተሽ «እንዴት ያለ ጥሩ ሳንቃ ነው!» ብለሽ ነበር። እማዬ፣ ሳንቃ አይደለም፤ የሳንቃ ፎቶ ነው። የእንጨት ብናኝ በሙጫ ይጨመቃል፣ ከላዩ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ይለጠፋል፣ በወረቀቱ ላይ እንዳይጫር ጠንካራ ሽፋን ይደረግበታል። ላሚኔት ይሉታል። ውሃ ከላይ ቢፈስበት ቶሎ ካበሱት ምንም አይሆንም። በመጋጠሚያው ከገባ ግን ብናኙ ይጠጣና ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም አይመለስም። ጥንቸል ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው፤ ይሸናል፣ ይቆፍራል፣ ይቆረጥማል። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ ካልፋቀው አፉ አይዘጋም። ስለዚህ የወለሉን ጠርዝ ቢግጥ ክፋት አይደለም፣ የተፈጥሮ ግዴታው ነው፤ ይህን ለአከራይ ማስረዳት ግን አይቻልም።

እዚህ አገር ቤት ስትከራዪ መያዣ ታስይዣለሽ። በቨርጂኒያ ሕግ መያዣው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስትለቂ አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ የቆረጠውን ቆርጦ፣ የቆረጠበትን ምክንያት ዘርዝሮ ይመልስልሻል። በመኖር ብዛት ያረጀውን አያስከፍልሽም፤ ያበላሸሽውን ግን ያስከፍልሻል። ጥንቸል የጋጠው ወለል ከሁለቱ የትኛው እንደሚባል ለማንም ግልጽ ነው። በእኔና በዳማ መካከል ያለው ጉዳይ እንግዲህ የሁለት ወር ኪራይ ጉዳይ ነው።

ምንጣፍ ፍለጋ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ያመጣልኝ መጀመሪያ ለሕፃናት መጫወቻ የሚነጠፈውን፣ እየተቆላለፈ የሚገጠመውን የስፖንጅ ምንጣፍ ነው። ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ያምራል። ልጄ ዓይኗ በራ። እኔ ግን የዳማን ጥርስ አውቀዋለሁ፤ የስፖንጅ ጠርዝ ካየ ቁርስ ነው። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አይችልም፣ ተፈጥሮው ነው፤ የዋጠው ስፖንጅ አንጀቱን ዘግቶ ሊገድለው ይችላል። የሚታከምበትን ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ሊሾውን ትረሺዋለሽ። ቀጥሎ የጎማ ምንጣፍ አመጣ። ወፍራም ነው፣ የመኪና ጎማ ይሸታል። ጎማ በፕላስቲክ ወለል ላይ ተነጥፎ ከከረመ ውስጡ ያለው ኬሚካል ወደ ታች ይሰርግና ቢጫ እድፍ ይተዋል፤ በሳሙናም በበረኪናም አይለቅም። የእኛ ላሚኔት ከዚህ ይተርፋል የሚል ዋስትና የለኝም፤ እድፍ ልከላከል ብዬ እድፍ ልገዛ አልሄድኩም።

ሦስተኛው ግን አስቆመኝ። ሊኖሌም ይባላል። ከምን እንደሚሠራ ገምቺ። ከተልባ! ፍሬድሪክ ዋልተን የሚባል እንግሊዛዊ የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እንደ ቆዳ እንደሚጠነክር ልብ አለና በ1863 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘይቱን ከቡሽ ዱቄት ጋር ያቦኩታል፣ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳምጡታል፣ ደርቆ ወለል ይሆናል። የስንቱ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ወለል በዚህ ተሸፍኗል መሰለሽ። አንቺ በጾም ቆልተሽ ወቅጠሽ እንጀራ የምትፈተፍቺበትን ፈረንጅ ይረግጠዋል። እጄን በላዩ ላይ አሳርፌ ቆምኩ፤ ሻጩ ልገዛ ነው ብሎ መቁረጫውን አነሣ። አልገዛሁም። ሊኖሌምን ከአመድ ውሃ ወገን የሆነ ፈሳሽ ያበላሸዋል፣ የጥንቸል ሽንት ደግሞ በትክክል ከዚያ ወገን ነው። ኖራ አለበት፤ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። አቼቶ ካላፈሰስሽበት አይነሣም።

እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ እማዬ፣ ያንቺ ወለል ትዝ አለኝ። እነዚህ ሰዎች የወለል ዕድሜ በዓመት ያወራሉ፤ አሥር ዓመት ዋስትና፣ ሃያ ዓመት ዋስትና። ያንቺ ዋስትና እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ትኩሱን እበት ከአፈርና ከውሃ ጋር ትለውሺና ከጓዳ ጀምረሽ ወደ በር እያፈገፈግሽ ትለቀልቂዋለሽ፤ መዳፍሽ የሄደበት ሁሉ ግማሽ ክብ እየሠራ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ። በሩ ጋ ስትደርሺ «ማንም እንዳይገባ!» ትያለሽ። ያን ጊዜ ዶሮዋ ትገባለች። ጣቷን በእርጥቡ ላይ አትማ እስከ ምድጃው ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፤ አንቺም እየረገምሻት ዱካዋን በመዳፍሽ ታጠፊዋለሽ። አለቀ። መያዣ የለ፣ 45 ቀን የለ። እበቱ ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን አያይዞ እንዳይሰነጠቅና አቧራ እንዳይነሣ ያደርጋል፤ የተበላሸው በሳምንቱ ይታደሳል። ይህን ለአከራዬ ባቀርብለት ምን እንደሚል ሳስበው ሳቄ መጣ፤ ሻጩም ዋጋው አስቆት ነው ብሎ ትንሽ ቀነሰልኝ።

በመጨረሻ የወሰድኩት ቪኒል ነው፤ እዚያ ጫግኒ በሜትር እየተለካ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ጋር ዘመዳም ነው፣ ግን ወፈር ያለ። ዋናው ነገር ወጥ መሆኑ ነው። መጋጠሚያ ከሌለው ሽንት የሚገባበት የለም። ዳማ ከሚታጠርበት የሽቦ አጥር አልፎ በአራቱም ጎን ስንዝር ያህል እንዲተርፍ አስቆረጥኩትና ጠርዙን ወደ ላይ አጥፌ ከሽቦ አጥሩ ጋር በመቆንጠጫ ያዝኩት፤ ትሪ ሆነ። ሙጫ የሚባል አላስነካሁም፤ ሙጫ ራሱ መያዣ ይበላል። ዞኮሎውንም እንዳይግጥ አጥሩን ከግድግዳው አራቅሁት። በየጊዜው ደግሞ ከስሩ እገልጥና እርጥበት እንዳልያዘ አያለሁ።

ዳማ ግን ቪኒሉ ላይ ሲቆም እግሮቹ ለየብቻ ሄዱ። ጥንቸል እንደ ውሻና እንደ ድመት መዳፉ ላይ ለስላሳ ትራስ የለውም፤ ጠጉር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለስላሳ ወለል ያንሸራትተዋል። ጠንካራ ነገር ላይ ሲቀመጥ ከዋለም ተረከዙ ይቆስላል። ስለዚህ ቪኒሉ ለአከራዩ ነው፣ ከላይ ደግሞ ለዳማ የሚታጠብ የጥጥ ምንጣፍ ያስፈልጋል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ወደ ጋቢው ሄደ። አንቺ የፈተልሽው ጋቢ! «ጥጥ ነው፣ ይታጠባል፣ ወፍራም ነው» አለች። ሌላ ነገር ሳትጨምር ቁም ሣጥኑን ቆለፍኩ። ቁልፉ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ወደ ሊሾው ልምጣ። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ እልካለሁ፤ መጀመሪያ የሲሚንቶውን፣ ቀጥሎ የእጁን። ዝናቡ ሳያባራ ግን አታስጀምሩ። ድንጋዩ ተደልድሎ ጠጠሩ ከተሞላ በኋላ ላስቲክ ይነጠፍበት፤ አለዚያ የጫግኒ ክረምት ከሥር ወደ ላይ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ደረቀልን ብላችሁ ዕቃ አታስገቡ፤ ለሳምንት ያህል ውሃ ይጠጣ፣ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው እንጂ ሲደርቅ አይደለም። ሠራተኛው «መስተዋት አደርግልሻለሁ» ማለቱ አይቀርም። እንዳታስደርጊው። በር አካባቢና ጓዳ ውስጥ ትንሽ ሻካራ አድርጎ ይተወው፤ እርጥብ ሊሾ ላይ ጉልበትሽ አያስተማምንም። ከጥንቸል ጋር አነጻጸርከኝ አትበዪኝ፤ የሚያንሸራትት ወለል ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አሁን የእኔ ልመና። ዳማ የሚቆፍርበት አንድ ጥግ ያስፈልገዋል፤ ቆፍሮም ቆርጥሞም የማይጎዳው። እዚህ የጥንቸል ሱቅ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ ከሣር የተጎነጎነ ምንጣፍ ይሸጣል። ገልብጬ አየሁት፤ ሰሌን ነው። ዋጋውን ሳየው ደግሞ ገበያ ሄደሽ በዚህ ዋጋ ስንት ሰሌን ተሸክመሽ እንደምትመጪ አሰላሁ፤ ለቀብርም ለድግስም ይበቃ ነበር። እና አንድ ሰሌን ላኪልኝ፤ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል። ቀለም ያልተነከረ ይሁን፣ ሊበላው ነውና። ጠርዙን በማዳበሪያ ክር እንዳይሰፉት፣ በራሱ ቅጠል ይቋጭ። የቀርከሃው ይሻላል የሚልሽ ካለ እሱ ለአጥርና ለወንበር ይሁን በይ፤ ስንጥሩ እግሩን ይወጋዋል። ለማን ነው ብለው ከጠየቁሽ ለልጅ ልጄ በይ፤ ሐሰት አይደለም።

ከጥር በኋላ ከእንጅባራ የሚመለስ ሰው አለ፣ እሱ ይይዘዋል። የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ የሌላም ሰው አደራ አለበት። ቦታ ከጠበበ ሰሌኑ ይቅር፣ በርበሬው ግን እንዳይነካ። ዳማ ቅር ካለው እኔ አነጋግረዋለሁ።

ልጅሽ