የበልግ ነጎድጓድና ውሮ

በቤታችን የበልግን መምጣት ከማንም ቀድማ የምታውቀው ውሮ ናት። ውሮ ግራጫ፣ አንገቷ ሥር ነጭ ጣል ያለባት፣ ጅራቷ ላይ ጥቁር ቀለበት ያላት ድመታችን ናት። መጋቢት ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አቧራው ሲያስነጥሰን፣ ሰው ሁሉ ቀና እያለ ሰማዩን ሲለማመጥ፣ እሷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ከተጋደመችበት ብድግ ትልና አፍንጫዋን ወደ እንጦጦ አቅንታ አየሩን ትስባለች። እኛ ምንም አይሸተንም። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንቀጫቅጨዋል፤ ከዚያ የደረቀ አፈር ውኃ ሲነካው የሚሰጠው ያ ሽታ እኛም ዘንድ ይደርሳል። «ተመስገን፣ ጣለ!» እንላለን። እሷ ካወቀችው ቆይታለች።

እህቴ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው። እሷም ድመት አላት። ስንደዋወል ከዘመድ አዝማድ ወሬ ቀጥሎ የሚነሣው የድመቶቻችን ነገር ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በረዶው ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ «የኔዋ ጀመራት» ትለኛለች። ድመቷ ሌሊቱን ስትጮህ ታድራለች፣ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች፣ ከበሩ ሥር አትጠፋም፤ ጸጉሯም ሶፋው ላይ እንደ ጉድ ይረግፋል። ነገሩ የብርሃን ነው። እዚያ አገር በዓመቱ አጭሩ ቀን ብርሃን የሚኖረው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ረጅሙ ቀን ግን ከ18 ሰዓት ያልፋል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ በድመቷ ዓይን የገባው ብርሃን አንጎሏ ውስጥ ላለች ፓይኒያል ለምትባል ትንሽ ዕጢ መልእክት ያደርሳል። ዕጢዋ በጨለማ የምታመነጨው ሜላቶኒን ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ የመራቢያ ሆርሞኖቿ ይነቃሉ። ሁለት ወር ገደማ አርግዛ ስትወልድ ልጆቿ የሚደርሱት ሙቀትና ምግብ ባለበት ወቅት ነው። በዚያ ያሉ የእንስሳት መጠለያዎች ጸደይ በመጣ ቁጥር በድመት ልጆች የሚጨናነቁት ለዚህ ነው። እህቴ በኋላ ድመቷን አስመከነቻትና ሁለቱም እንቅልፍ አገኙ።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛ ድመቶች ወር ሳይመርጡ ይወልዳሉ፤ አውራ ድመቶቹም በጥርም በሐምሌም ጣሪያ ላይ ሲደባደቡ ያድራሉ። ለእህቴ ድመት ብርሃን የሚነግራትን ለውሮ የሚነግራት ዝናብ ነው። ለዚያኛዋ ጸደይ በዓይኗ ይገባል፤ ለዚችኛዋ በአፍንጫዋና በጆሮዋ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ የበልጉ ዝናብ የሚበረታበት ሚያዝያም እዚሁ ውስጥ ይውላል።

የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ግቢያችን ለውሮ ሌላ አገር ይሆንላታል። ከአጥሩ ሥር ሣር ብቅ ይላል። እሷ ጠጋ ብላ አንዷን ቅጠል በጎን ጥርሷ ትይዝና አንገቷን አዘንብላ፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ ታኝካለች። ማታ ደግሞ አሸን ይወጣል። በረንዳው ላይ አምፖሉን ሲከብ ውሮ በኋላ እግሮቿ ቆማ በሁለት መዳፏ ከአየር ላይ ትቀልበዋለች፤ ጠዋት ስንጠርግ የምናገኘው የረገፈ ክንፍ ነው። በጋውን በእንቅልፍ ያሳለፈች ድመት በእነዚህ ቀናት ዓይኗ ይበራል፣ ሆዷ ይሞላል፣ ጸጉሯ ይወለወላል። ይህን ሁሉ የሚያመጣላት ግን ያው የምትፈራው ነጎድጓድ ነው።

የበልግ ዝናብ እንደ ሐምሌው ቀኑን ሙሉ አያለቅስም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የመጣውን እርጥብ አየር ፀሐዩ ሲያሞቀው ሽቅብ ይነሣል፤ ቁመቱ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው እንጦጦም ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል። ከዚያ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ብዙ ጊዜም በረዶ ይከተላል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ልጄ ብልጭታውን ሲያይ መቁጠር ይጀምርና «አራት ኪሎ ሜትር! አሁን ደግሞ ሁለት!» እያለ ያሳውቀናል። እሱ ቆጠራ ሳይጀምር ውሮ አልጋ ሥር ናት።

ከሁሉም የማልረሳው የአንድ ዓመቱን ቅዳም ሹር ነው። ያኔ የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ በሆነ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጠዋት ካህኑ ቄጠማ አድለውን፣ ልጄ ግንባሩ ላይ አስሮ ግቢውን ሲዞር፣ ውሮ መሬት የወደቀውን ዘንግ እያሳደደች አብራው ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዶሮው ታርዶ፣ አከራያችን እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ብልት ማውጣት ጀመሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ውሮ በዚህ ሰዓት ከእማማ ቀሚስ ሥር አትነቀልም፤ አንጀቱ የእሷ ነው። የዚያን ቀን ግን እማማ «እንኪ እንጂ፣ ነይ» ብለው ሲያቀርቡላት ዘወር ብላም አላየችው።

አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ጆሮዎቿን አየሁ። ግራው ወደ እኛ እንደ ቆመ፣ ቀኙ ለብቻው ቀስ ብሎ ወደ ተራራው ዞረ። የጀርባዋ ቆዳ ሽምቅቅ እያለ ይንቀጠቀጣል። ጅራቷን ከሥሯ ሰበሰበችና ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ብላ ወደ ቤት ገባች። ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ገና ሰማያዊ ነበር። «ምን ሆነች?» አልኩ። እማማ ቢላዋውን እንደ ያዙ ወደ እንጦጦ አዩና፣ «ልብሱን አስገባ ልጄ፤ ይኸው መጣ» አሉኝ።

ልብሱን ከገመድ ላይ አውርጄ ሳልጨርስ ነፋሱ ደረሰ። መብራት ጠፋ። በረዶው ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ በረዶ የጣለበት ሰው ያውቀዋል፤ አፍን ጆሮ ላይ ካልገጠሙ በቀር መነጋገር የለም። ልጄ «ውሮስ?» ብሎ ጮኸ። አልጋ ሥር የለችም። ከቁም ሣጥኑ ኋላም የለችም። ሻማ ለኩሰን ሽቅብ ስናይ አቡጀዲው ላይ አንዲት ጉብታ አየን። ጉብታዋ ከጥግ ጥግ ትሮጣለች፣ ቆም ትላለች፣ መልሳ ትሮጣለች። ውሮ አይጥ ስታድን በምትገባበት በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍተት ገብታ ኖሯል። ጨለማና ጸጥታ ፈልጋ የሸሸችበት ጥግ፣ በረዶው ሲጀምር ከቆርቆሮው ሥር የስንዝር ያህል የሚርቅ ቦታ ሆነባት።

ቆርቆሮው ምስማሩ በላላበት በኩል ተነሥቶ ውኃ መግባት ጀመረ። አቡጀዲው መሃሉ ላይ ሆድ አወጣ። እማማ የወጡን ድስት ክዳን በሁለት እጃቸው ተጭነው ያዙ። እኔ ባልዲ ይዤ ወንበር ላይ ስወጣ፣ ጨርቁ ውኃውን መሸከም አቅቶት ምስማሮቹ ተራ በተራ ተነቀሉና ኮርኒሱ ከግድግዳው ተላቀቀ። የስንት ዓመት ጥላሸት፣ አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና የበረዶ ውኃ አንድ ላይ አልጋውና ቄጠማው ላይ ተደፋ። ውሮም አብራ ወረደች፤ መሬት ስትነካ እንኳን ሳላያት አልጋው ሥር ገብታ ከሻንጣዎቹ ኋላ ተወተፈች።

ልጄ በደረቱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። በሻማው ብርሃን የሚታየው ጥቁር የዓይኗ ብሌን ብቻ ነበር፤ ጆሮዎቿ አናቷ ላይ ተለጥፈዋል። «ላውጣት፣ ልቀፋት» እያለ አለቀሰ። እማማ ትከሻውን ያዙት። «ተዋት የኔ ልጅ። የፈራ ፍጥረት መጀመሪያ የሚሻው ጀርባውን የሚያስጠጋበት ነው። ሲለቃት ራሷ ትመጣለች።» ከዚያ ባዶ የፓስታ ካርቶን አመጡ፤ አሮጌ ነጠላቸውን ውስጡ አነጠፉና አፉን ወደ እሷ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ገፉላት። እኛ ውኃ ስንጠርግ፣ ፍራሽ ስናወጣ አመሸን። ወጡ ተርፎ ነበር። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንፈስክ ውሮ ከካርቶኑ ወጥታ እማማ እግር ሥር ተቀምጣለች፤ ድርሻዋንም ጥርግ አድርጋ በላች።

ያን ቀን ውሮ ምን እንደ ሰማች ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ሪኪ ሄፍነርና ሄንሪ ሄፍነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ድመት ከ48 ኸርዝ እስከ 85,000 ኸርዝ ድረስ እንደምትሰማ ለክተዋል። የሰው ጆሮ 20,000 ላይ ያበቃለታል። እያንዳንዱን የድመት ጆሮ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ከ20 በላይ ናቸው፤ አንዱ ጆሮ የእማማን ድምፅ ሲከታተል ሌላው ተራራው ላይ ያለውን የሚያዳምጠው በእነሱ ነው። ለእኛ ቀጭን የሆነው ድምፅ ለእሷ ይጎላል። አፍንጫዋም እንዲሁ ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያ የአፈር ሽታ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ዝናቡ ተራራው ላይ ሲጥል ነፋሱ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ የውሮ ፍርሃት የሚመነጨው ከእውቀቷ ነው። እኛን እንኳ መነጋገር የከለከለን የበረዶ ጩኸት በዚያ ጆሮ ውስጥ ምን ያህል እንደ ነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ዝናቡ ራሱ ደግሞ ለድመት እንግዳ ነገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ‹ሳይንስ› መጽሔት ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት የቤት ድመትን የዘር ሐረግ ተከትሎ በመካከለኛው ምሥራቅ ወደሚገኘው የዱር ድመት ያደርሰናል፤ ይህ የዱር ድመት በአፍሪካም፣ በእኛም አገር ይኖራል። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት ተገኝቷል። ይህን ያህል ዘመን አብራን ኖራ ጸጉሯ ዛሬም የደረቅ አገር ጸጉር ነው፤ ውኃ ሲያገኘው ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የገላዋንም ሙቀት ይወስድባታል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው ስለ አይጥ ነው፤ ስለ ዝናብም ቢባል ያስኬዳል።

በታይላንድ ገጠር ድርቅ ሲበረታ ድመት ቅርጫት ውስጥ አድርገው ከቤት ቤት እያዞሩ ውኃ የሚረጩበት የቆየ ልማድ አለ፤ ድመቷ ስትጮህ ዝናብ ይመጣል ብለው ነው። ዝናብ የናፈቀ ገበሬ ጭንቀት ይገባኛል፤ እኛም አገር ሰማዩ ሲጠና ምህላ ይያዛል። በቅርብ ዓመታት በሕይወት ባለችው ፋንታ የአሻንጉሊት ድመት የሚያዞሩ መንደሮች እንዳሉ ሳነብ ግን ከልቤ ደስ አለኝ። ልማዱም ቀጠለ፣ ድመቷም ከመንገላታት ዳነች።

የእማማ ካርቶንም ከሳይንስ ጋር ገጥሟል። በኔዘርላንድስ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዲስ ወደ መጠለያ የገቡ ድመቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን መደበቂያ ሣጥን ሰጡ፣ ለሌላው ነፈጉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤታቸው መሠረት ሣጥን ያገኙት ድመቶች ቶሎ ተረጋጉ። እማማ ከከብትና ከድመት ጋር ሲኖሩ ያወቁትን ነው ተመራማሪዎቹ በመለኪያ ያረጋገጡት።

ስለዚህ ድመት ያላችሁ ሁሉ፣ ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይገባ ይህን አድርጉ። ከቆርቆሮና ከመስኮት ራቅ ያለ፣ ዝቅ ያለ ጥግ ምረጡ፤ ካርቶን አስቀምጡ፤ የእናንተ ጠረን ያለበት አሮጌ ልብስ አንጥፉበት። ደመናው ሲከብድ በሩን ገርበብ አድርጉ፣ ውጭ እንዳትቀር። ገብታ ስትሸሸግ ጎትታችሁ አታውጧት፤ ልጆችም እንዳያወጧት ንገሯቸው። መኪና ያላችሁ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉ፤ ቤት የሌላቸው ድመቶች ሙቀት ፍለጋ እዚያ ይገባሉ። በልግና ክረምት ለድመት ሣርም አሸንም ይዘው ይመጣሉ፤ እዚያ የምትደርሰው ግን ነጎድጓዱን አልፋ ነው። ያን ሰዓት የምታልፍበት አንድ ጥግ መስጠት ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።