ስድስት ወር ኖረዋል ወይ?

ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቢያንስ መታወቂያዬ እንደዚያ ይላል። እሱን ካመናችሁ ደግሞ የተወለድኩት መስከረም 1 ቀን ነው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ የማውቃቸው እኩዮቼ በሙሉ በመታወቂያቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን ነው። እናቶቻችን ተመካክረው በእንቁጣጣሽ ማለዳ ምጥ የተቀመጡ ይመስላል። የኔዋ እናት ግን «እንሰት ሲፋቅ ነው የወለድኩህ» ነበር የምትለኝ። ይህንኑ ለቀበሌው ልጅ ብነግረው፣ «አባባ፣ እንሰት ሲፋቅ የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም» አለኝ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ ምርጫ ምዝገባ ልነግራችሁ ስለተነሳሁ ነው። መምረጥ ቀላል ነው፤ ጨርቅ ጀርባ ገብቶ ምልክት አድርጎ መውጣት ነው። መከራው መመዝገቡ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። አገር አቀፍ ምርጫው መጀመሪያ ነሐሴ 2012 ይሆናል ተባለ፤ ኮሮና መጣና ቀረ። ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ እሱም ቀረና ሰኔ 14 ላይ ቆመ። የመራጮች ምዝገባ በመጋቢት ተከፈተ፤ ሰው አልመጣ ሲል ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። ካልመጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። አገር በሙሉ ቀጠሮ ሲያዛውር እኔ ምን አስቸኮለኝ?

ባለቤቴ ግን ምዝገባው እንደተከፈተ ሄዳ፣ የምርጫ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቡና በቀረበ ቁጥር ቋጠሮዋን ትፈታለች፣ ካርዱን ታያለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። አንድ ቃል አትናገርም። ከሃምሳ ዓመት በላይ አብራችሁ የኖራችሁት ሰው ዝም ሲል ምን እያለ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ።

የሄድኩት ዳገቱ ላይ ወዳለው የከተማችን ክፍል፣ ወደ ሴቻ ነው። ለምን ብትሉ የረጅም ዘመን ወዳጄ እዚያ ነው የሚኖረው፤ እዚያው ተመዝግቤ፣ እግረ መንገዴንም ዳጣ በሥጋ በልቼ ልመለስ ብዬ። ያንን ዳገት በባጃጅ ወጣሁት። መዝጋቢዋ ልጅ ጨዋ ናት፤ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ ነስታ ስታበቃ አባረረችኝ። «አባቴ፣ የሚመዘገቡት በሚኖሩበት አካባቢ ባለው ጣቢያ ነው፤ አንዱ ጣቢያ የሚይዘውም ከ1,500 ሰው አይበልጥም» አለችኝ። የምርጫ ጣቢያ እንደ ጠላ ቤት ወዳጅ ያለበት እየተመረጠ አይገባም ለካ። ዳጣውን ግን በላሁ።

በማግስቱ የልጅ ልጄ አስቀምጦ አስጠናኝ። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ይባላል። «ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን ያስፈልጋል» አለ። ነኝ። «በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው።» የሞላኝ ጊዜ ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። «በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ።»

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ስድስት ወር! እኔ ዋና ከተማው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ አብሬ የወረድኩ ሰው ነኝ። ያኔ እዚህ የነበረው ቁጥቋጦ፣ ወባና እነዚያ አርባ ምንጮች ናቸው። ሙዙን እኔ ነኝ የተከልኩት አልልም፤ ግን ሲተከል አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ ወጥቼ ሌላ ቦታ አልኖርኩም። መኖሪያዬን የቀየርኩት አንድ ጊዜ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ነው። እኔ ቁጭ ባልኩበት ሲዘዋወር የኖረው አድራሻዬ ነው።

ስሙኝማ። መጀመሪያ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሰው ነበርኩ። ደርግ መጣና በዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሰው ሆንኩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ የሚባል ተፈጠረ፤ በሬ ላይ ቁጥር ተለጠፈ። ቆየና ሰሜን ኦሞ ነህ ተባልኩ፤ ኢሕአዴግም መጥቶ በዚያው ጠራኝ፤ ክልሌ ደግሞ ደቡብ ሆነ። በኋላ ሰሜን ኦሞ ተበትኖ ጋሞ ጎፋ ዞን ሆንኩ። በ2011 ጎፋዎቹ ዞናቸውን ይዘው ሄዱና ጋሞ ዞን ብቻዬን ቀረሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አልጋዬ እንኳን ከግድግዳው ፈቀቅ አላለም።

ይህን ነገር እንደ ቀልድ ያያችሁት እንደሆነ መታወቂያዬን ይዤ ላሳድስ ቀበሌ የሄድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ልጁ ካርዴን አገላብጦ አየ። «አባባ» አለኝ፣ «ይሄ ዞን የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ጋሞ ጎፋ ዞን የሚል ነው። እሱ ቀርቷል።»

«እኔስ? እኔ አለሁ?»

ልጁ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ አሰበበት። ከዚያ ለመኖሬ ምስክር አምጣ አለኝ። ከቤቴ ፊት ለፊት የሚቆመውን ባለባጃጅ ጠራሁት፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ስታገባ ድንኳኑ የተጣለው በኔ ግቢ ነው። እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ እሱ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ እዚህ እንደምኖር መሰከረልኝ። ጸሐፊውም ከልቡ ተቀብሎ ጻፈ። እኔ ልመሰክርለት የሚገባኝ ልጅ ለኔ መሰከረ። በኋላ እንደሰማሁት ደግሞ መታወቂያ ለሌለው ሰው የአካባቢው ሰዎች ምስክርነትም በምርጫ ሕጉ ውስጥ ቦታ አለው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም እንጂ ባለባጃጁን ይዤ በቀጥታ እሄድ ነበር።

መታወቂያው ታደሰ። አሁን ወደ ጣቢያው።

ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው፤ የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍል። መዝጋቢዎቹ የመምህሩን ጠረጴዛ ይዘዋል። ለተመዝጋቢው የቀረው የሕፃናቱ አግዳሚ ነው። እሱ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ነካ። ከፊቴ ግድግዳው ላይ «ሀ ሁ ሂ» ተለጥፏል፤ ከጎኔ የተቀመጡት አንድ እኩያዬም እንደኔው ተጣጥፈዋል። ሁለታችንም አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣ ተማሪ መስለናል።

ልጁ ስሜን ጠየቀ፤ የአባቴን ጠየቀ፤ የአያቴን ጠየቀ። የአያቴ ስም በጋሞኛ ነው። ጋሞኛ ደግሞ ከጉሮሮ ወደ ውስጥ የሚሳብ «ደ» አለው፤ በአማርኛ ያደገ ጆሮ አይይዘውም። ሦስት ጊዜ አልኩለት፤ ሦስት ዓይነት አድርጎ ጻፈው። ሰውዬው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዚያ ስም ሲጠሩ ዞር አይሉም ነበር።

ከዚያ መዝገቡን አዞረልኝ። በተዘረጋው ገጽ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የኖሩበት ጊዜ፣ በመጨረሻም የፊርማ ቦታ። እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ልጁ አውራ ጣቴን ያዘና ሰማያዊው የቀለም ስፖንጅ ላይ ተጫነው። ሽበቴን አይቶ ያልተማርኩ መስዬው ነው! እኔ በ1961 ዓ.ም. በንጉሡ ጊዜ ፓርቲ ሳይኖር፣ ንብረት ያለው ሰው ብቻ በሚወዳደርበት ዘመን የመረጥኩ ሰው፤ በ1979 ለሸንጎው ቀበሌ ጠርቶኝ የሄድኩ (አለመሄድ እንደሚቻል ያሰበ ሰው አላስታውስም)፤ ስንት ጊዜ ፈርሜ ስንት መንግሥት የሸኘሁ! «ልጄ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኩት። ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ፊርማዬን አስቀመጥኩ። ጅራቷን ትንሽ አስረዘምኳት መሰለኝ፣ ከላይ ያለውን የሴትዮዋን መስመር አለፈች። ጣቴ እስከ ማታ ሰማያዊ ነበር፤ ባለቤቴ ቡናውን ስትሰጠኝ አየችው፤ ዝም አለች።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። በአባቶቻችን ጊዜ፣ አልኳት፣ ዱቡሻ ላይ ሽማግሌ ሲሰበሰብ መዝገብ ነበር? ስም ጠሪ ነበር? ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ይቀመጣል፤ ይመክራል፤ ያስታርቃል። ሩቅ ሳልሄድ በመስከረም 2011 እዚሁ አርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ጎዳናውን ሲሞሉ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። አገር በሙሉ ጉድ አለ። የዚያን ቀን «ስድስት ወር ኖረዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ነበር?

ስኒውን አስቀመጠች። «ዱቡሻው ላይ እኔን ማን ጠራኝ?» አለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ልመልስ? እውነቷን ነው። ዱቡሻ ላይ ሴት አትቀመጥም ነበር። ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም አይቀመጥም ነበር። ሁሉም የሚታወቅ ስለነበር ማን እንደማይገባም የታወቀ ነበር። «እዚህ ግን» አለች ካርዷን ከነጠላዋ እየፈታች፣ «ስሜን ጠይቀው ጻፉ። የባልሽ ስም ማነው አላሉኝም።» ለማስታረቅ ብዙ ቦታ ተጠርቼ አውቃለሁ፤ የዚያን ማታ ግን ራሴን የሚያስታርቀኝ አጣሁ።

የስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል ሲባል ሄጄ አየሁት። ይህን ለእናንተም እመክራለሁ፤ ስማችሁ ቢዛባ ወይ ቢዘለል አቤት የሚባለው ያኔ ነው፤ የድምፅ መስጫው ቀን በር ላይ ቆሞ መጮህ አያዋጣም። አያቴ እዚያ በአዲሱ ስማቸው ነበሩ። አስተካክሉልኝ አልኩ። አራተኛ ዓይነት አድርገው አስተካከሉት። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከ37 ሚሊዮን ሰው በላይ ተመዘገበ ተባለ፤ ከነሱ ውስጥ የአያቱ ስም ያልተዛባ ስንት እንደሆነ የሚቆጥር ቢገኝ ደስ ባለኝ።

አለቀ ብላችኋል? እኔም ብዬ ነበር። በታኅሣሥ 2015 የልጅ ልጄ መጥቶ «አባባ፣ ምዝገባ ተጀምሯል» አለኝ። ተመዝግቤያለሁ አልኩት። ለካ ያ ለዚያ ምርጫ ነው፤ ይህ የሕዝበ ውሳኔ ነው፣ አዲስ መዝገብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ማንነቴን ላስረዳ! ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች፣ ጋሞም አብሮ፣ አንድ ክልል እንሁን አንሁን የሚል ነው። ተመልሼ ያንኑ አግዳሚ ላይ ተጣጠፍኩ። ጥር 29 ቀን ድምፄን ሰጠሁ። ወላይታዎቹ ዘንድ የነበረው ውጤት ተሰርዞ በሰኔ እንደገና መረጡ፤ እነሱን ሳስብ የኔ ጉልበት ትንሽ ተሻለው። በነሐሴ 2015 ክልሉ ተመሠረተ። ደቡብ የነበርኩት ደቡብ ኢትዮጵያ ሆንኩ። አሁንም ያው ግቢ ነው።

በነጋታው መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላል። ያንን ክልል የቀየርኩት እኔው ራሴ በድምፄ ነኝ። ቀበሌ ስሄድ ልጁ ምን እንደሚለኝ አውቄያለሁ፤ ባለባጃጁንም አስጠነቀቅኩት።

አሁን ደግሞ ለሰባተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የዲጂታል ምዝገባ መጥቷል። የልጅ ልጄ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ «አባባ፣ አግዳሚ ቀረልህ» ይላል። ስልኩ ስሜን ጠየቀኝ። የአባቴን ጠየቀኝ። የአያቴን ስም ልጁ ሲጽፍ ከሥሩ ቀይ መስመር አሰመረበት፤ ሰው ከነቀለሙ ይሻላል፣ ቢያንስ ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቃል። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክም ተከተለው። በማግስቱ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር በእግራችን ሄድን። ዘንድሮ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችልኝ እሷ ናት፤ የኔና የሷ አንድ ላይ ናቸው።

ከመዝጋቢዎቹ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስሜን እንዳሻችሁ ጻፉት፣ ስንት ዓመት እንደኖርኩም ጠይቁኝ፣ ምስክርም አመጣለሁ። ግን ከመምህራን ክፍል አንድ የትልቅ ሰው ወንበር ይምጣልን።